እማማ ኤማ፦ 146 ቀን በእግር

እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1955 (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አንዲት የ67 ዓመት ሴት በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ኦግልቶርፕ ከሚባል ተራራ ተነስተው ወደ ሰሜን መራመድ ጀመሩ። ለልጆቻቸው የነገሩት በእግራቸው ትንሽ ወጣ ሊሉ እንደሆነ ብቻ ነው። ውሸት አልነበረም፤ ርዝመቱን ነው ያልተናገሩት። መንገዱ አፓላቺያን ትሬል ይባላል። ያኔ ወደ 3,300 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር፤ 14 ግዛቶችን አቋርጦ ሜይን ግዛት ውስጥ ካታህዲን ተራራ አናት ላይ ያበቃል። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ሁለቴ ደርሳችሁ ብትመለሱ እንኳ ገና ይቀራችኋል። ያውም የሞያሌው መንገድ አስፋልት ነው።

ሴትየዋ ኤማ ጌትውድ ይባላሉ። አሜሪካኖች አያት ጌትውድ ነው የሚሏቸው፤ እኔ በእኛ ወግ እማማ ኤማ ልበላቸው። ድንኳን አልያዙም። ስሊፒንግ ባግ የለም፣ ካርታ የለም፣ ስልክማ በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል። ከጂንስ ጨርቅ በእጃቸው የሰፉትን ከረጢት በአንድ ትከሻቸው አንጠልጥለው ነው የወጡት። ውስጡ አንድ ብርድ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ ዝናብ የሚከልል የሻወር ቤት መጋረጃ፣ ባትሪ፣ ሰንጢ፣ ፕላስተር፣ አዮዲን፣ ቪክስ አለ። ምግቡ ኦቾሎኒ፣ ዘቢብ፣ የታሸገ ቋሊማና ዛሬ ማጊ እንደምንለው ዓይነት የሾርባ ኩብ ነው። ጠቅላላው ከ9 ኪሎ አይበልጥም። እግራቸው ላይ ደግሞ ሸራ ጫማ። ከባድ የተራራ ቡት ያደረጉ ወጣቶች በየመንገዱ ሲያዩዋቸው ያዘኑላቸው ይመስለኛል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ከረጢት ሲያይ ዝም ማለት አይችልም። እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው፦ አንዱ ሱቅ ላይ የሚከፈለው፣ ሌላው ዳገት ላይ። እማማ ኤማ የመጀመሪያውን ለመክፈል ገንዘብ አልነበራቸውም፤ በዚህም ሁለተኛው ዋጋ ቀለለላቸው። ዛሬ የረጅም መንገድ ተጓዦች ግራም እየቆጠሩ ውድ ዕቃ የሚገዙት እሳቸው በድህነት የደረሱበት ቦታ ለመድረስ ነው።

ሙከራው ግን የመጀመሪያቸው አልነበረም። ከዓመታት በፊት የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የ1949 እትም እጃቸው ገብቶ ስለዚህ መንገድ አንብበዋል። ጽሑፉ መንገዱን በደንብ ምልክት የተደረገበት፣ በየአንድ ቀን ጉዞው መጠለያ ያለው ምቹ ነገር አድርጎ ነበር ያቀረበው። በጁላይ 1954 ሜይን ሄደው ከሰሜን ጫፍ ጀመሩ። ብዙም ሳይርቁ ጠፉ፤ መነጽራቸው ተሰበረ፤ ስንቃቸው አለቀ። የደን ጠባቂዎች አግኝተዋቸው ወደ ቤትዎ ይመለሱ ብለው መከሯቸው። ተመለሱ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላሉም። በሚቀጥለው ዓመት ከደቡብ ጫፍ ለመጀመር ሲወስኑ፣ ልምምዳቸው በሚኖሩበት ሰፈር ዙሪያ መራመድ ነበር። መጀመሪያ አንድ ዙር፣ ከዚያ እየጨመሩ እየጨመሩ እስከ 16 ኪሎ ሜትር።

እናም መንገዱ ላይ ቀን ከቀን አይመሳሰልም። አንድ ቀን ማታ በር ሲያንኳኩ እራት ይቀርብላቸዋል፣ አልጋ ይነጠፍላቸዋል። በሌላ ቀን የቤቱ ባለቤት ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው ብሎ ከላይ እስከ ታች አይቶ በሩን ይዘጋል። በረንዳ ላይ ባለ ዥዋዥዌ ወንበር ተኝተዋል፤ የሽርሽር ጠረጴዛ ላይ ተኝተዋል፤ ደረቅ ቅጠል ሰብስበው ከምረው እዚያ ውስጥ አድረዋል። ሲበርዳቸው ድንጋይ በእሳት አግለው እላዩ ላይ ይጋደማሉ። መጽሔቱ ያወራላቸው መጠለያ ብዙ ቦታ ላይ የፈረሰ ወይም የተቃጠለ፣ ካልሆነም ለመተኛት የማይመች ቆሻሻ ነበር። የወደቀ ዛፍ መንገዱን ይዘጋል፤ ምልክቱ ይጠፋል። አንዴ መርዘኛ እባብ ሱሪያቸውን ነድፎ ለጥቂት ሥጋቸውን ስቷል። ጥሩ ቀን ሲመጣ ደግሞ የጫካ እንጆሪ እየለቀሙ፣ የሚበላውን ቅጠል ከማይበላው እየለዩ ይሄዳሉ። ገጠር አድገው ዕፅዋት ያውቃሉ።

ሒሳቡን ስሠራው በአማካይ በቀን 22 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። አማካይ ግን ብዙ ነገር ይደብቃል። ለጥ ባለ ቦታ ብዙ የሚነጉዱበት ቀን አለ፤ ዝናብ ይዟቸው ወይም እግራቸው አብጦ እዚህ ግባ የማይባል መንገድ የሚሄዱበትም ቀን አለ። ስድስት ሰባት ጥንድ ጫማ ጨርሰዋል። ወደ 14 ኪሎ ከስተዋል፤ እግራቸው ደግሞ በአንድ ቁጥር ሰፍቷል።

ቨርጂኒያ ሲደርሱ የሮአኖክ ከተማ ጋዜጣ ስለ እሳቸው ጻፈ፤ ከዚያ ወሬው በመላ አገሪቱ ተሰራጨ። የዛሬ ቋንቋ ብንጠቀም ቫይራል ሆኑ። በየከተማው ጋዜጠኛ ይጠብቃቸው ጀመር፤ ሁሉም የሚጠይቀው ያንኑ አንድ ጥያቄ ነው፦ ለምን? መልሳቸው በየጊዜው ይለያያል። አንዴ ልጆቹ አድገው ስለወጡ ነው ይላሉ፤ አንዴ ደስ ስለሚል፤ አንዴ ስለፈለጉ ብቻ። ባልስ ሲባሉ የሞተባቸው መሆናቸውን ይናገራሉ። ጋዜጦቹም ጻፉት፦ ባላቸው የሞተባቸው ደስ የሚሉ አሮጊት።

ባልየው አልሞተም ነበር። በሕይወት አለ።

እማማ ኤማ በ1887 ኦሃዮ ግዛት ጋሊያ በሚባል ገጠር ተወለዱ፤ ከ15 ልጆች አንዷ ናቸው። አባታቸው የእርስ በርስ ጦርነት ላይ አንድ እግሩን ያጣ፣ ከዚያ በኋላ ለመጠጥና ለቁማር የተሸነፈ ሰው ነበር። እሳቸው ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆሙ። በ1907፣ በ19 ዓመታቸው፣ ፒ.ሲ. ጌትውድ የሚባል አስተማሪ አገቡ። እሱን አንቱ ለማለት ብዕሬ እምቢ ብሎኛል። ከሠርጉ ጥቂት ወራት በኋላ መምታት ጀመረ፤ ከ30 ዓመት በላይም አላቆመም። 11 ልጅ ወለዱ፤ የእርሻውን ሥራ ሠሩ፤ ጥርሳቸው ተሰበረ፤ የጎድን አጥንታቸው ተሰነጠቀ። በ1924 ሰውዬው በጠብ መሃል ሰው ገድሎ ተፈረደበት፤ ብዙ ልጅና እርሻ አለው ተብሎ ግን ከእስር ተረፈ። ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው፤ ወደ እሳቸው። ለመፋታት ሲያስቡ አብደሻል ብዬ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም አስገባሻለሁ እያለ ያስፈራራ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ሲብስባቸው የሚሸሹበት አንድ ቦታ ነበራቸው፦ ከቤቱ አጠገብ ያለው ጫካ። እዚያ ይገባሉ፣ ይራመዳሉ፣ ሲረጋጉ ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ በ67 ዓመታቸው ጫካ ውስጥ ብቻቸውን ማደር ሕዝቡን ሲያስደነግጥ እሳቸውን አላስደነገጠም። ሰው ሁሉ አይፈሩም ወይ ይላቸዋል። የሚፈሩትንማ 30 ዓመት አብረውት ኖረዋል።

በ1939 ከአንድ ጠብ በኋላ የታሰሩት እሳቸው ናቸው። አዎ፣ እሳቸው። አንድ ሌሊት እስር ቤት አደሩ፤ ጠዋት የትንሿ ከተማ ከንቲባ የተሰበረ ጥርሳቸውንና ያበጠ ፊታቸውን አይቶ ከዚያ አውጥቶ ቤቱ ወሰዳቸው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፍቺው ጸና። ከዚያ በኋላ ሰውየው ዳግመኛ አልመታቸውም። የቀሩትን ልጆች አሳደጉ፣ እዚህም እዚያም ተቀጥረው ሠሩ። ይህን ሁሉ ለጋዜጠኞቹ አንድም ቀን አልተነፈሱም። ባሌ ሞቷል ማለታቸው ለእኔ ውሸት ሆኖ አይታየኝም፤ ቢሆንም ባይሆንም ጋዜጦቹ የጻፏት አሮጊትና ጫካው ውስጥ የሚሄዱት ሴት የተለያዩ ነበሩ።

ኦገስት ላይ ሰሜኑ ክፍል ሲደርሱ ኮኒና ዳያን የተባሉ ሁለት ሃሪኬኖች በቀናት ልዩነት ተከታትለው መጡ። ዳያን ብቻውን ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካን አጥለቅልቆ ብዙ ሰው ገድሏል። ጅረቶች ወንዝ ሆኑ። ቨርሞንት ውስጥ ክላሬንደን ከሚባለው ሸለቆ ሲደርሱ ድልድዩ የለም፤ ውሃው ወስዶታል። እማማ ኤማ ዋና አይችሉም። ቁጭ ብለው ሰው እስኪመጣ ጠበቁ። የመጡት ሁለት ወጣት የባሕር ኃይል አባላት ናቸው። ገመድ አውጥተው ሦስቱንም አንድ ላይ አሰሩ፤ አሮጊቷን መሃል አድርገው የሚጋልበውን ውሃ አሻገሯቸው። ከዚያ እሳቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሴፕቴምበር 25 ቀን 1955 ካታህዲን አናት ላይ ወጡ፤ 1,606 ሜትር ከፍታ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ ብቻቸውን። በ146 ቀን። አሜሪካ ዘ ቢውቲፉል የሚለውን መዝሙር የመጀመሪያ ስንኞች ዘመሩ። መንገዱን ሙሉ በአንድ ጉዞ መሄዱን መጀመሪያ ያስመዘገበው ኧርል ሻፈር የሚባል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች ነው፤ በ1948። ብቻዋን የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ደግሞ ይህቺ የ11 ልጆች እናት ሆኑ።

ከዚያ ቴሌቪዥን ላይ ወጡ፤ የግሩቾ ማርክስ ታዋቂ የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ላይ ሳይቀር ቀርበዋል። ስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት ሲያነጋግራቸው ግን መንገዱን አላሞገሱም፤ የፈረሰውን መጠለያ፣ የወደቀውን ዛፍ፣ የጠፋውን ምልክት እየጠቀሱ ወቀሱ። ዝናቸው ብዙ ሰው ወደ መንገዱ ስቧል፤ ወቀሳቸውም መንገዱ እንዲጠገን ገፋፍቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ያን ያህል የወቀሱትን መንገድ በ1957 ከጫፍ ጫፍ ደገሙት፤ በ1960ዎቹ ደግሞ በቁራጭ በቁራጭ እየሄዱ ሦስተኛ ጊዜ ጨረሱት። መሃል ላይ፣ በ1959፣ በ71 ዓመታቸው ከሚዙሪ ግዛት ተነስተው የድሮ ሰፋሪዎች በሠረገላ የሄዱበትን የኦሪገን መንገድ ይዘው እስከ ፖርትላንድ ደርሰዋል። 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአማካይ በቀን 35 ኪሎ ሜትር። ከመጀመሪያው ጉዟቸው ፈጠኑ!

ጁን 1973 በ85 ዓመታቸው አረፉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በትውልድ ግዛታቸው ኦሃዮ መንገድ በማስተካከል ሥራ ያግዙ ነበር። ሆኪንግ ሂልስ በሚባል ፓርክ ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ የክረምት የእግር ጉዞ ይደረጋል። እሳቸው የሚወዱት ስድስት ማይል መንገድ ነው፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በሕይወት ሳሉ በዚያ ብርድ ቀይ ቆባቸውን አድርገው ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር።