ጥርስ ባዳ ነው፦ ማርክ ትዌይን እና ሐዘኑ



በለቅሶ ቤት ሳልስቱ ካለፈ በኋላ አንዷ ጎረቤት ስለ ሟች የሚያስቅ ነገር ታነሣለች። ሐዘንተኛዋም ሳታስበው ትስቅና ጥርስ ባዳ ነው ብላ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ዛሬ የማጫውታችሁ ሰው ይህንኑ ሙያው አድርጎት የኖረ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በብዕር ስሙ ማርክ ትዌይን የምናውቀው ሳሙኤል ክሌመንስ በ1835 በአሜሪካ፣ ሚዙሪ ተወለደ። አባቱ ሲሞት ገና 11 ዓመቱ ነበር። በ1858 ታናሽ ወንድሙ ሄንሪ ይሠራበት የነበረው የእንፋሎት መርከብ ፈንድቶ ሞተ። ሥራውን ያስገኘለት ራሱ ስለነበር ዕድሜውን ሙሉ ጸጸቱ አልለቀቀውም። የበኩር ልጁ ላንግደንም ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1872 ዐረፈ።

በ1876 ባሳተመው የቶም ሶየር ታሪክ ውስጥ፣ ሞተዋል የተባሉ ሦስት ልጆች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተደብቀው የራሳቸውን ቀብር ይሰማሉ፤ ከዚያ ብቅ ይላሉ። እኔም ስቄያለሁ። ጸሐፊው ልጁን የቀበረ አባት መሆኑን ሳውቅ ግን ያንን ገጽ እንደገና አነበብኩት።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና በጣም የነካኝ የዕዳው ነገር ነው። የኅትመት ፊደላትን በሚደረድር ማሽን ላይ የራሱንና ሚስቱ የወረሰችውን ገንዘብ አፈሰሰ። ማሽኑ አልሆነም፤ ማተሚያ ድርጅቱም ወደቀ፤ በ1894 ከሰረ። ሕጉ ሙሉውን ክፈል አላለውም። እሱ ግን ወደ 60 ዓመት ሲጠጋው እስከ አውስትራሊያ፣ ህንድና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ዞሮ በየመድረኩ ሰው እያሳቀ ገንዘብ አጠራቀመ። ጉዞው እንዳለቀ፣ በ1896፣ እሱ እንግሊዝ ሳለ ልጁ ሱዚ በ24 ዓመቷ አሜሪካ ውስጥ በማጅራት ገትር ሞተች። ቀብሯ ላይ አልደረሰም። ዕዳውን በ1898 ሙሉ በሙሉ ከፈለ። የሱዚ ግን በምንም መዝገብ የሚዘጋ ሒሳብ አይደለም።

በ1904 ጽሑፎቹን እያነበበች ታርምለት የነበረችው ሚስቱ ኦሊቪያ ፍሎረንስ ላይ ዐረፈች። በማግስቱ ዓመት የሔዋን የዕለት ማስታወሻ የተባለው ታሪኩ ወጣ። ሔዋን ላየችው ሁሉ ስም ስታወጣ፣ ስታወራ፣ አዳም ሲሸሻት እያሳቀን ይቆይና መጨረሻ ላይ አዳምን መቃብሯ አጠገብ አቁሞ ይተወናል። ሔዋንን በሳቅ ስላስወደደን ለቅሶው የኛም ይሆናል።

ሳቅ ሐዘኑን አላጠፋለትም፤ በስተርጅና የጻፋቸው አንዳንዶቹ መራራ ናቸው። ልጁ ጂን በ1909 በገና ዋዜማ ሞተች፤ እሱም በ1910 ተከተላት። ከአራት ልጆቹ የቀረችው ክላራ ብቻ ነበረች።

እህቶቼ፣ በዚህ ልሳናችን ስላጣናቸው ሰዎች ስንጽፍ የሚያስቀውን እናወጣዋለን፤ ለሐዘን ክብር የማይገባ ይመስለናል። እናታችን ቡና እያፈላች ትቀልድ የነበረውን ካልጻፍን ግን፣ ማንን እንዳጣን አንባቢ በምን ያውቃል?