ሲድኒ አላርድ፡ የአሜሪካንን ሞተር ለለንደን መኪና ያዋሰው ሰው

ሲድኒ አላርድ ያረፈው እአአ ሚያዝያ 12/1966 ነበር። ገና የ55 ዓመት ሰው ነበር። በዚያው ሌሊት በደቡብ ለንደን፣ ክላፋም ሰፈር የሚገኘው ፋብሪካው በእሳት ተያያዘ። ለሃያ ዓመታት የተሠሩትን መኪኖች ታሪክ የያዙት መዛግብትም አብዛኞቹ አብረው ጋዩ።

ባለቤቱም የሥራው መዝገብም በአንድ ሌሊት ታጡ። እያንዳንዷ አላርድ መቼ ተሠራች? ለማን ተሸጠች? ምን ዓይነት ሞተር ተገጠመላት? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ መኪኖቹን መጀመሪያ የገዙ ሰዎች ትዝታ ከማንኛውም ሰነድ ያልተናነሰ ዋጋ አገኘ።

የአሜሪካ ስፖርት መኪና ሲነሳ ብዙዎች ኮርቬትን ወይም ኮብራን ያስባሉ። የሁለቱን ታሪክ ወደ ኋላ የሚከተል ግን መንገዱ በዚህ ለንደናዊ ደጃፍ በኩል እንደሚያልፍ ያያል።

ከፑትኒ ጋራዥ

አላርድ በ1910 ለንደን ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ በግንባታ ሥራ የሚተዳደር ነበር። ወጣቱ ግን ልቡ ያደረው መኪና ላይ ነው። ፑትኒ በተባለው ሰፈር 'አድላርድስ ሞተርስ' የሚባል የፎርድ ወኪል ጋራዥ ያስተዳድር ጀመር። የጋራዡ ስም ከቤተሰቡ ስም ጋር መመሳሰሉ እንዲያው የአጋጣሚ ጉዳይ ነበር።

በዚያ ዘመን በብሪታኒያ ተወዳጅ የነበረ አንድ የመኪና ውድድር ነበር። ተወዳዳሪዎች በጭቃና በድንጋይ የተሞላ ዳገት ሳይቆሙ መውጣት ይጠበቅባቸዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀላል አካልና ብርቱ ሞተር ነው። በ1936 አላርድ ከተጋጨ ፎርድ ላይ የተገኘውን ስምንት ሲሊንደር ሞተር ከቡጋቲ የእሽቅድምድም መኪና አካል ጋር አዋድዶ የራሱን መኪና ሠራ። በሰሌዳ ቁጥሯ 'ሲኤልኬ 5' ተብላ የምትታወቀው ይህች መኪና ዳገቱን ስትወጣ ያዩ ሰዎች የሷን ዓይነት እንዲሠራላቸው ይጠይቁት ጀመር።

ሞተሩ የአሜሪካ ንድፍ ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ጉልበቱ ከፍተኛ፣ ለጥገናም አስቸጋሪ ያልሆነ ነበር። የአላርድ የሕይወት ዘመን ሥራ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ያለ ሞተር የተጫኑ መኪኖች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ድርጅቱ የጦር ሠራዊቱን የፎርድ ተሽከርካሪዎች ይጠግን ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ በመጋዘኑ ብዙ መለዋወጫ ተከማችቶ ስለነበር አላርድ በ1945 የመኪና አምራች ኩባንያውን አቋቋመ።

ብሪታኒያ በዕዳ የተያዘችበት፣ ብረት በኮታ የሚታደልበት፣ ዶላር ብርቅ የሆነበት ዘመን ነበር። መንግሥት ፋብሪካዎች ምርታቸውን ወደ ውጭ እንዲልኩ አጥብቆ ይገፋፋ ነበር። የአሜሪካን ሞተር ከውጭ ማስገባት ግን ቀላል አልነበረም። ስለዚህ 'ጄ2' የተባለችው የአላርድ ስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ያለ ሞተር በመርከብ ተጭና አትላንቲክን ታቋርጥ ነበር። ካዲላክ ወይም ክራይስለር ሞተር የሚገጠምላት እዚያው አሜሪካ ስትደርስ ነው። የጄ2 የመጀመሪያ ባለቤት መኪናውን መግዛት ብቻ ሳይሆን የምትጨረሰውም በእሱ ምርጫ ነበር።

በራሱ መኪና ያሸነፈ

አላርድ የሠራውን መኪና ሌላ ሰው እስኪፈትንለት የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። በ1949 የብሪታኒያ የዳገት ውድድር ሻምፒዮን ሆነ። በ1950 በፈረንሳዩ የሌ ማንስ የ24 ሰዓት ውድድር ከቶም ኮል ጋር እየተፈራረቀ በካዲላክ ሞተር የምትሄድ ጄ2 ነድቶ ሦስተኛ ወጣ።

ስሙ ከሁሉ በላይ የገነነው በ1952 ነው። በረዶ መንገዱን በሸፈነበት የሞንቴ ካርሎ ራሊ፣ በራሱ ስም የምትጠራ መኪና እየነዳ አንደኛ ሆነ። በሁለተኛነት የተከተለው ወጣቱ ስተርሊንግ ሞስ ነበር።

በዚያው ጊዜ አካባቢ ዞራ አርኩስ ደንቶቭ የተባለ መሐንዲስ በአላርድ ድርጅት ይሠራ ነበር። ከሩሲያውያን ወላጆች ብራስልስ ውስጥ የተወለደው ይህ ሰው ናዚዎች ፈረንሳይን ሲይዙ ሸሽቶ ኒው ዮርክ የገባ ስደተኛ ነው። በ1952 እና በ1953 ለአላርድ ቡድን ሌ ማንስ ላይ ተወዳደረ። በ1953 ጀነራል ሞተርስ ገብቶ ዝግተኛዋን ኮርቬት ወደ እውነተኛ ስፖርት መኪናነት በመለወጥ ስሙን ተከለ። ቴክሳሳዊው ካሮል ሼልቢም በወጣትነቱ ካዲላክ ሞተር ያላትን አላርድ ነድቷል። በ1962 ለለንደን ቅርብ በሆነችው ቴምስ ዲተን በተሠራ ቀላል መኪና ላይ የፎርድ ሞተር አስገጥሞ ኮብራን አስገኘ።

ፍጥነትና ሒሳብ

የመወዳደሪያው ሜዳ የሰጠውን ዝና ገበያው አልደገመለትም። በ1948 ብቅ ያለችው የጃጓር 'ኤክስኬ120' ዘመናዊ፣ ውብ፣ ዋጋዋም የማይጎዳ ነበረች። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በብዛት እያመረቱ ዋጋ ሲቀንሱ፣ ጥቂት መኪና በእጅ የሚሠራው አላርድ ሊከተላቸው አልቻለም። 'ክሊፐር' የተባለች ባለ ሦስት ጎማ ትንሽ መኪና ሠርቶ ቢሞክርም ገዢ አላገኘችም። ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ምርቱ እየመነመነ ሄዶ ቆመ። በጠቅላላው የተሠሩት አላርዶች 1,900 ገደማ ናቸው።

አላርድ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1961 በክራይስለር ሞተር የሚሄድ፣ በአጭር ቀጥተኛ መንገድ ላይ ለሚደረግ የፍጥነት ውድድር የሚሆን ተሽከርካሪ ሠራ። በ1964 አሜሪካውያን ተወዳዳሪዎችን ብሪታኒያ ጋብዞ ስፖርቱን ለአገሩ ሰው ያስተዋወቀውም እሱ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ፤ ፋብሪካውም ነደደ። ዛሬ ከእነዚያ መኪኖች የተረፉት በአውሮፓና በአሜሪካ ተበትነው ይገኛሉ። የአንዷን ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ደረሰኝ፣ የቆየ ፎቶግራፍና የውድድር ውጤት እያገናኘ ወደ ኋላ ይጓዛል፤ የመጀመሪያዋን ባለቤት ስም እስኪያገኝ ድረስ። ክላፋም ላይ እሳት የበላው መዝገብ የሚሞላው በዚህ መልክ፣ መኪና በመኪና ነው።