ማይክል ፋራዴይና የመከለያው ጥበብ

በየቤቱ የኤሌክትሪክ መሣሪያ እየበዛ በሄደ ቁጥር፣ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያውክና ተጠቃሚውንም እንዳይጎዳ መጠበቅ የኢንጂነሩ ኃላፊነት ሆኗል። የዚህ ጥበቃ መሠረት የተጣለው ግን ሬዲዮም ሆነ ቴሌቪዥን ባልነበረበት ዘመን፣ በማይክል ፋራዴይ እጅ ነው።

ፋራዴይ በ1791 (እ.ኤ.አ.) ለንደን አጠገብ ከድኻ ብረት ቀጥቃጭ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርቱ ከንባብ፣ ከጽሕፈትና ከመጀመሪያ ደረጃ ሒሳብ ያላለፈ ሲሆን፣ በ14 ዓመቱ ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ለሰባት ዓመት ሙያ ሊማር ገባ። የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ስለነበር ስለ ኤሌክትሪክ ያወቀው ከዚያው ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ነው። በ1812 የታወቀውን የኬሚስትሪ ሊቅ የሰር ሃምፍሪ ዴቪን ንግግሮች አዳምጦ፣ ማስታወሻውን ጠርዞ ላከለት፤ በተከታዩም ዓመት በሮያል ኢንስቲቲዩሽን የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

በ1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ጠምጥሞ፣ በአንደኛው ኤሌክትሪክ ሲጀምርና ሲቋረጥ በሁለተኛው ለቅጽበት ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አረጋገጠ። ጄኔሬተርና ትራንስፎርመር የዚህ ግኝት ልጆች ናቸው። ይሁን እንጂ ለመልካም የሚሠራው ሕግ ለክፉም ይሠራል፤ በአንድ ሽቦ ውስጥ በፍጥነት የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ፣ ማንም ሳይጠራው በጎረቤቱ ሽቦ ውስጥ ረብሻ ያሳድራል። የሞተር ብሩሽ በፈነጠቀ ቁጥር በአቅራቢያው ያለ ሬዲዮ የሚንጫጫበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋነኛውንም ያሳየው ያው ሰው ነው። በ1836 በየጎኑ 12 ጫማ የሆነ ክፍል አሠርቶ በመዳብ ሽቦና በስስ የቆርቆሮ ቅጠል አለበሰው፤ ከመሬትም ለይቶ አቆመው። ክፍሉ በኃይለኛ ማሽን ኤሌክትሪክ እየተሞላ ከውጭው ገጽ ብልጭታ ሲፈናጠር፣ ፋራዴይ የበራ ሻማና መለኪያዎቹን ይዞ ራሱ ውስጥ ገባ። መለኪያዎቹ ምንም አላመለከቱም፤ እርሱም አልተጎዳም። ኤሌክትሪኩ በውጭው ገጽ ላይ ብቻ ተሰራጭቶ ቀርቶ ነበርና።

ዛሬ የማይክሮዌቭ ምድጃ የተሠራው በዚሁ መርሕ ነው። በ2450 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ማዕበል 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው፣ በበሩ መስታወት ላይ ባለው የብረት ወንፊት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሾልኮ አይወጣም፤ ብርሃን ግን ያልፋል። እንግዲህ ወንፊቱ የተቀደደበት ወይም በሩ የተጣመመበት ምድጃ መልኩ እንጂ ጥበቃው የለም። መከለያም ለሁሉ አይበቃም፤ የ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስክን ስስ የመዳብ ግድግዳ እምብዛም አያግደውም። በኤሌክትሪክ ገመድ በኩል የሚገባውን ረብሻ ማጣሪያ ያስቀራል፤ የብረት አካሉ በብልሽት ኤሌክትሪክ ቢይዝ ሰውን የሚያድነው ደግሞ የመሬት ሽቦው ነው። በጥገና ጊዜ እነዚህን አላስፈላጊ መስለው ስለታዩ ነቅሎ መጣል በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ፋራዴይ የሰርነት ማዕረግ ሲቀርብለት ያልተቀበለ፣ በዌስትሚንስተር ከታላላቆች ጋር መቀበርንም ያልፈለገ ሰው ነበር። በ1867 አርፎ በሃይጌት ተቀበረ። ስሙ ፋራድ በተባለው መለኪያ ይታወሳል፤ ይበልጥ ግን ሥራውን በትክክል በሚፈጽም በእያንዳንዱ መከለያ ውስጥ ይኖራል።