ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት መድፍ

ሶቭየት ኅብረት በነሐሴ ወር 1941 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአቶም ቦምብ የሞከረችበት የሴሚፓላቲንስክ ሜዳ በዓለም የታወቀ ነው። ተማሪዎች ሆይ፥ የጦር መሣሪያ መሥሪያና መሞከሪያ ሥፍራ ግን በአገራችንም ነበር፤ እርሱም በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው ጋፋት ነው። ለዚህ ሥራ ያዋሉት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. በቋራ ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸው ካሣ ኃይሉ ነበር። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ በተባለ ሥፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ሲዋጉ ብዙ ጀግኖቻቸው በመድፍ አለቁባቸው። ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማያሸንፍ የተረዱት በዚያ ቀን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ፥ መሣሪያውን ከመግዛት ይልቅ ጥበቡን ወደ አገር ማስገባት ፈለጉ።

በጋፋት የሰፈሩት እነዋልድማየር የወንጌል መልእክተኞችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ እንጂ መድፍ ሠርተው አያውቁም። ንጉሡ ግን ምክንያት አልተቀበሉም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ሥራው እንደገና ተጀመረ። በመጨረሻም ወደ 7 ቶን የሚመዝን ታላቅ መድፍ ተሠራ፤ በክሪምያ ጦርነት በታወቀው ከተማም ስም ሴባስቶፖል ተባለ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በመርሳና በወልድያ የምትማሩ ሁሉ ከተራሮቹ ባሻገር፥ በስተምዕራብ፥ ስላለው የዋድላና የደላንታ ደጋ ሰምታችኋል። ሴባስቶፖል በዚያ ገደልና በበሽሎ ሸለቆ በሰው ጉልበት እየተጎተተ አለፈ። መንገድ አልነበረምና እየተጠረገ ተሠራ፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ደከሙ። ጉዞው 6 ወር ያህል ፈጀ። የአገሩ ሕዝብ በየአቅጣጫው በከዳቸው ጊዜ ይህን ያህል ጉልበት ለአንድ መድፍ መዋሉ ያስደንቃል፤ ያሳዝናልም።

ቆንስላቸው ካሜሮን ከ1856 ዓ.ም. ጀምሮ የታሰረባቸው እንግሊዞች በጄኔራል ናፒየር መሪነት ዘምተው ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ላይ ሮኬትና ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ተኮሱ። ከንጉሡ ወገን ወደ 700 ሰው ሲሞት፥ ከእንግሊዞች የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። ብዙ የተደከመበት ሴባስቶፖል ምንም አልረዳም። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት በሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

እንግሊዞች የማረኳቸውን መድፎች ሰባብረው አምባውን አቃጠሉ። ሴባስቶፖል ግን በመቅደላ ቀረ፤ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።