ግሬስ ሆፐር፦ የመገልበጥን ሥራ ለመሣሪያ ያስረከበች ሴት

የኮምፒዩተር ትምህርት ከምንከታተለው ተማሪዎች መካከል ብዙዎቻችን የጻፍነው ፕሮግራም ከጋራ መዝገብ ሲገባ፣ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ በመሣሪያው በራሱ ይመዘገባል። አነስተኛ የትእዛዝ ጽሑፎች፣ ማለትም ስክሪፕቶች፣ ለውጡን ተቀብለው ይፈትኑታል፤ ፈተናውን ካላለፈም ይመልሱታል። ይህ አሠራር ከሰማይ የወረደ አይደለም። አሰልቺውንና ስሕተት የሚበዛበትን ሥራ መሣሪያው ራሱ ይሥራው ብለው ከታገሉት ሰዎች አንዷ ግሬስ ሆፐር ስለሆነች፣ የሕይወት ታሪኳን በአጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግሬስ መሪ በኒውዮርክ ከተማ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 ተወለደች። ገና በልጅነቷ የቤቱን የማንቂያ ሰዓቶች እየፈታታች አሠራራቸውን ለማወቅ ትጥር ስለነበር፣ እናቷ አንዱን ብቻ እንድትነካ ወሰነችባት። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ ተመረቀች፤ በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘች። ሆፐር የሚለውን ስም ያገኘችው በ1930 ካገባችው ባልዋ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም በቫሳር ታስተምር ነበር። ወደ ባሕር ኃይል ለመግባት ስትጠይቅ ዕድሜዋ አልፏል፣ ክብደቷም ያንሳል ተባለች፤ ሆኖም በልዩ ፈቃድ በ1943 ገባች። በ1944 ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተልካ ማርክ አንድ በተባለው፣ 15 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የስሌት መሣሪያ ላይ ተመደበች። ይህ መሣሪያ ለጦርነት የተሠማራ እንደነበረና ለአቶሚክ ቦምብ ሥራ የሚሆን ስሌት ጭምር እንደተሠራበት ልንሸሽገው አይገባም። ሳይንስ በማን እጅ ሆኖ ለምን ዓላማ እንደሚውል መጠየቅ የሁልጊዜ ግዴታችን ነው።

ማርክ አንድ ትእዛዙን የሚቀበለው በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ነበር። ሆፐርና ጓደኞቿ በትክክል መሥራቱ የተረጋገጠውን የፕሮግራም ክፍል በደብተር ይይዛሉ፤ ሌላው ሲፈልገው ከደብተሩ በእጁ ይገለብጣል። ችግሩ የመነጨው ከዚህ ላይ ነው። በመገልበጥ ጊዜ አንዱ አኃዝ ሌላውን ይመስላል፣ አንድ መሥመር ይዘለላል። ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ የሳታት ፊደል ወደሚቀጥለው ቅጂ እንደምትተላለፍ ሁሉ፣ ስሕተቱም ከደብተር ወደ ደብተር ይዛመታል።

በ1947 በማርክ ሁለት ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ገብታ ሥራ ስታሰናክል ተገኘች። ሠራተኞቹም ራቷን ከዕለቱ መዝገብ ላይ ለጥፈው ጻፉባት። ሆፐር ታሪኩን ደጋግማ በመናገር አስታወቀችው እንጂ አግኚዋ እርሷ ናት የሚለው የተሳሳተ ነው። መዝገቡ ዛሬም በአሜሪካ ሙዚየም ይገኛል። የተበላሸው ምን እንደሆነ በቀኑ መዝግቦ ማቆየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ እንረዳለን።

በ1949 ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ወደሚሠራው ኩባንያ ተዛወረች። በ1952 የተጠናቀቀው ኤ-ዜሮ የተባለው ፕሮግራሟ የመገልበጡን ሥራ ከሰው እጅ አወጣው። የተፈተኑት ክፍሎች በጥብጣብ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱም መለያ ይሰጠዋል። ሰው መለያውንና ቅደም ተከተሉን ብቻ ሲጽፍ፣ መሣሪያው ክፍሎቹን ፈልጎ፣ ገልብጦና አገጣጥሞ ሙሉ ፕሮግራም ያወጣል። ኮምፒዩተር ከስሌት በቀር ሌላ አይሠራም የሚሉ ብዙዎች ግን ለረጅም ጊዜ አላመኗትም። ቆይታም በእንግሊዝኛ ቃላት የሚታዘዝ ፍሎው-ማቲክ የተባለ ቋንቋ ከባልደረቦቿ ጋር አዘጋጀች፤ በ1959 በኮሚቴ ለተጀመረው ለኮቦል ቋንቋም ዋና መሠረት ሆነ። በዚህ ምክንያት ፕሮግራም መጻፍ የጥቂት የሒሳብ ሊቃውንት ርስት መሆኑ እየቀረ ሄደ።

በ1966 መጨረሻ ጡረታ ብትወጣም በ1967 ለስድስት ወር ተብላ ተጠራችና ለ19 ዓመታት ያህል ቆየች። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ኩባንያ ኮቦልን በየፊናው ስለሚተረጉመው፣ በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም ነበር። የሆፐር ቡድን ተርጓሚዎቹ ደንቡን መጠበቃቸውን የሚመረምሩ የመፈተኛ ፕሮግራሞች አዘጋጀ። በ1986 በ79 ዓመቷ በሪር አድሚራል ማዕረግ ተሰናበተች፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 አረፈች።

የፕሮግራምን የለውጥ ታሪክ የሚጠብቁት መሣሪያዎች በ1972 በቤል ላቦራቶሪ መሠራት ጀመሩ፤ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ጊት በ2005 ወጣ። እነዚህን የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ መንፈሱ ግን ሆፐር ከታገለችለት ጋር አንድ ነው። ቢሆንም ስክሪፕት የታዘዘውን ይደግማል እንጂ አያስብም። ፈተናው ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ስሕተቱን ሺህ ጊዜ ያሳልፈዋል። ምን እንደተለወጠ ይመዘግባል፤ ለምን እንደተለወጠ ግን ሰው ካልጻፈው ከቶ ሊያውቀው አይችልም።

በመሆኑም በየጥናት ቡድናችን ነባሮቹ ለአዲስ ገቢዎች መዝገብ አያያዝንና ፈተና አጻጻፍን ከመጀመሪያው ቀን ሊያስተምሯቸው ይገባል። አንዱ ደክሞ ያረጋገጠውን ሌላው እንደገና ከዜሮ እንዳይጀምር ማድረግ፣ በባዕድ አገር ላለን ተማሪዎች ጊዜ ብቻ ሳይሆን ጉልበትም ነው።