ዕውቀቱ ያላስቆመው ሐኪም

በቢቸናም ሆነ በሞጣ አንድ ልጅ ሕክምና ለመማር ዩኒቨርሲቲ ከገባ፣ ሰፈሩ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ዶክተር እያለ ይጠራዋል። ለእረፍት ሲመጣም የእናት ደም ግፊት፣ የጎረቤት ልጅ ሳል፣ የአያት ወገብ ሕመም ሁሉ ይነገረዋል። ይኸው ዶክተር ማታ ወጣ ብሎ ሲጋራ የሚለኩስ ከሆነ ግን ቤተሰቡ የሚሰማው ዘግይቶ ነው። በአካባቢያችን ማጨስ ነውር ስለሆነ ይደበቃል፤ የተደበቀ ነገር ደግሞ ምክር አያገኝም። ስለዚህ ዛሬ ማጨስን በተማሪነቱ የጀመረ የአንድ ሐኪም ሕይወት ላጫውታችሁ።

ሲግመንድ ፍሮይድን ብዙዎቻችሁ በሥነ ልቦና ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1856 ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር ተወለደ፤ በ1873 በቪየና ሕክምና ማጥናት ጀምሮ በ1881 ተመረቀ። አባቱ አጫሽ ነበሩ። እሱም በ24 ዓመቱ፣ ሊመረቅ ሲቃረብ፣ በሲጋራ ጀመረና ወደ ወፍራሙ ሲጋር ተሻገረ። በቀን እስከ 20 ያጨስ ነበር። ያለ ትምባሆ መጻፍ የሚችል አይመስለውም ነበር።

በ1890ዎቹ ልቡ ምቷን ስታዛባ፣ ዊልሄልም ፍሊስ የተባለ ሐኪም ወዳጁ እንዲያቆም አጥብቆ መከረው። አቆመ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ አቆመ፤ ደግሞ ተመለሰ። ብዙ አጫሾች ይህን ዑደት ያውቁታል። ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ሲቋረጥ ደግሞ ብስጭቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ሐሳብ አልሰበሰብ ማለቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታል። ሰው የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው፤ ሐኪም መሆን ከዚህ አያድንም።

በ1923 በአፉ ውስጥ፣ ላንቃውና መንጋጋው አካባቢ፣ እብጠት አገኘ። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ብዙ ደም አፈሰሰው። ሐኪሞቹ ካንሰር መሆኑን በመጀመሪያ ደበቁት፤ ይህን እኔ ልቀበለው አልችልም፤ ታማሚ እውነቱን የማወቅ መብት አለው። በዚያው ዓመት ሃንስ ፒክለር የተባለ ቀዶ ሐኪም የቀኝ የላይኛ መንጋጋውንና የላንቃውን ከፊል ቆርጦ አወጣ። አፍና አፍንጫን የሚለይ ሰው ሠራሽ ላንቃ ተገጠመለት፤ ማላመጥና መናገር ሥቃይ ሆኑበት፤ የቀኝ ጆሮው መስማት ተሳነው። በ16 ዓመት ውስጥ ከ30 ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይህ ሁሉ ሲሆን ማጨሱን አልተወም።

በ1938 ናዚዎችን ሸሽቶ ለንደን ገባ። በመጨረሻ ከቁስሉ ሽታ የተነሣ የሚወዳት ውሻው እንኳ አልቀርበው አለች። መስከረም 23 ቀን 1939 በ83 ዓመቱ አረፈ።

ትምባሆ ለሳንባ ካንሰር መንስኤ መሆኑን የሚያሳዩት ታዋቂዎቹ ጥናቶች የወጡት በ1950 በመሆኑ፣ ፍሮይድ ሲጀምር ብዙ ነገር ገና አልታወቀም ነበር ማለት ይቻላል። የዛሬ ተማሪ ግን ይህን ተፈትኖ ያለፈበት ነው። ከነዚያ አጥኚዎች አንዱ ሪቻርድ ዶል የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታትሎ፣ አጫሾቹ በአማካይ 10 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ፣ በ30 ዓመቱ ያቆመ ግን ያን 10 ዓመት ከሞላ ጎደል እንደሚያተርፍ አሳይቷል። የእኛም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በጤናና በትምህርት ተቋማት ማጨስን ይከለክላል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም እንዲሁ።

ልጃችሁ የሚያጨስ ከሆነ አታሳፍሩት፤ የሚያቆምበትን ቀን አብራችሁ ቁረጡ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሚያጨሱ ጓደኞቹ እንዲርቅ እርዱት፤ ደጋግሞ ከተመለሰበት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሱረት የምትወስዱም ሆናችሁ ጋያ የምታጨሱ፣ በአፋችሁ ውስጥ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ወይም በሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ካያችሁ፣ ባያማችሁም ሄዳችሁ ተመርመሩ።