ሰር ቻርለስ ባላንስ እና የፊት ነርቭ ጥገና ጅማሮ

ሰር ቻርለስ አልፍሬድ ባላንስ እ.ኤ.አ. በ1856 ለንደን ውስጥ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የሕክምና ትምህርታቸውን የተከታተሉትና አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን በቀዶ ጥገና ሐኪምነት ያሳለፉት በዚያው ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ነው። ቪክቶር ሆርስሊ በ1887 የኅብለ ሰረሰር ዕጢ በቀዶ ጥገና ሲያወጡ አብረው ሠርተዋል። በ1926 የእንግሊዝ የነርቭ ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ማኅበር ሲመሠረትም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከሁሉ ይልቅ ረጅም ጊዜ የታገሉት ግን ከአንድ ቀጭን ነርቭ ጋር ነበር።

ወደዚህ ነርቭ ያደረሳቸው የጆሮ ቀዶ ጥገና ይመስላል። ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ በፊት ላይ ከመሰራጨቱ በፊት በጆሮ አካባቢ ባለው አጥንት ውስጥ በጠባብ ቦይ ያልፋል። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሥር የሰደደ የጆሮ መግል አጥንቱን ሲበላ፣ ሐኪሙ የታመመውን አጥንት በመሮ እየፈለፈለ ያጸዳ ነበር። ነርቩ በመግሉ ወይም በመሮው ሲጎዳ ግማሽ ፊት ይረግባል፤ ከንፈር ይንጋደዳል፤ ምግብ በጉንጭና በድድ መካከል ይቀራል፤ ዐይንም መከደን ስለሚሳነው ይደርቃል፣ ይቆስላልም።

ባላንስ በ1895 ሥራውን ያቆመውን የፊት ነርቭ አንገት ውስጥ ከሚያልፈው 11ኛው የራስ ቅል ነርቭ ጋር ሰፍተው አገናኙ። (አንዳንድ ጽሑፎች ቀዳሚነቱን ለፖላንዳዊው ድሮብኒክ ይሰጣሉ፤ ክርክሩ ለያዝነው ጉዳይ እምብዛም አይጠቅምም።) ሥራው የሚፈስ ወንዝ ጠልፎ የደረቀ መስኖ እንደ ማጠጣት ያለ ነበር። ውኃው ደረሰ፤ ነገር ግን ከሌላ ወንዝ የመጣ ነው። 11ኛው ነርቭ የሚያዝዘው ትከሻንና አንገትን በመሆኑ፣ ታካሚው ፊቱን ለማንቀሳቀስ ትከሻውን ማንሣት ነበረበት፤ ትከሻውን ባነሣ ቁጥርም ፊቱ ይሳባል። ከልብ የሚመነጭ ፈገግታ በዚህ መንገድ አይመለስም።

ባላንስ ይህን ጉድለት አልሸሸጉም። ከወንድማቸው ከሃሚልተን ባላንስና ከጄምስ ፐርቭስ ስቱዋርት ጋር በ1903 ባሳተሙት ጽሑፍ ውጤታቸውን ከነሕጸጹ አቀረቡ፤ ምላስን የሚያንቀሳቅሰው 12ኛው ነርቭም የተሻለ ምትክ መሆኑን አመለከቱ። ይህም የራሱ ዋጋ አለው፤ የምላስ ግማሽ ይሟሽሻል። በጸሐፊው አስተያየት ከ1895ቱ ቀዶ ጥገና ይልቅ ይህ ዘገባ ይበልጣል።

በንድፈ ሐሳብ ረገድ ግን ተሳስተው ነበር። ባላንስና ስቱዋርት በ1901 ስለ ነርቭ መዳን ባወጡት መጽሐፍ፣ አዲሶቹ ክሮች የሚፈጠሩት ከተቆረጠው ነርቭ ታችኛው ክፍል፣ ከሸፋኝ ሕዋሳቱ ነው ብለው ተከራከሩ። ስፔናዊው ራሞን ካሃል ክሮቹ ከላይኛው ጫፍ አቆጥቁጠው ወደ ታች እንደሚያድጉ አሳዩ፤ ሳይንስም የተቀበለው ይህንኑ ነው። የባላንስ ስፌት ግን ከንድፈ ሐሳባቸው ጋር አብሮ አልወደቀም። ጫፎቹን በጥንቃቄ ማገናኘት በሁለቱም አመለካከት አስፈላጊ ነበርና።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በማልታ በአማካሪ ሐኪምነት አገለገሉ፤ በ1919 ስለ ጆሮ አጥንት ቀዶ ጥገና ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ ዕረፍት ይጠበቅ ነበር። እርሳቸው ግን ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከኒውዮርኩ የጆሮ ሐኪም ከአርተር ዱኤል ጋር በመሆን የቀድሞ መፍትሔያቸውን ራሳቸው ወደ ጎን ተዉት። ከሌላ ነርቭ ትእዛዝ ከመዋስ ይልቅ፣ የአጥንቱን ቦይ ከፍተው በተቆረጡት ጫፎች መካከል ከሌላ የሰውነት ክፍል የተወሰደ ነርቭ ማጋደም ጀመሩ። መጀመሪያ በእንስሳት፣ ቀጥሎም በሰዎች የሞከሩትን በ1932 አሳተሙ። ነርቩን ከመትከል በፊት ቆርጦ ለሳምንታት ማቆየት ይበጃል ያሉት ምክር ዛሬ የተለመደ አሠራር አይደለም፤ የነርቭ ንቅለ ተከላው ግን አሁንም ይሠራበታል። በዚህ መንገድ ፊት ትእዛዙን የሚቀበለው ከራሱ ነርቭ ነው፤ ትከሻ አይነሣም።

ባላንስ በ1936፣ በ79 ዓመታቸው ዐረፉ። ዱኤልም በዚያው ዓመት ሞቱ።